ስም ያልተጠራበት ምስጋና

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ፣ ወደ አገሯ የምትመለስ አክስቴን አውቶቡስ አሳፍሬ አውቶቡስ ተራ ካለች አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ገባሁ። ዝናቡ እስኪያባራ ነው። ከመደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ሬዲዮ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል። ድንገት ኦርጋንና ሳክስፎን የሚቀባበሉበት አንድ ዜማ ተነሣ። ባለቤትየዋ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ዜና ሊጀምር ነው መሰለኝ፣ ጨመር አድርጊው» አሉ። ልጅቷ ጨመረችው። ሁላችንም ዜናውን ጠበቅን። ዜና ግን አልነበረም፤ ዋልያስ ባንድን ለመዘከር የተዘጋጀ ፕሮግራም ነበር፤ የተከፈተውም «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ይህ ሲታወቅ ሰዉ ወደ ሻዩና ወደ ወሬው ተመለሰ።

በባለቤትየዋ መፍረድ አይቻልም። በቃል ያልታጀበ ሙዚቃ እኛ ዘንድ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ለክፍተት መሙያ ነው፤ በሁለት ፕሮግራም መካከል፣ ከዜና በፊት፣ ከማስታወቂያ ሥር። እኔን የከነከነኝ አዘጋጁ ነው። ሊያመሰግን የተነሣው ሰው እራሱ በዜማው ላይ ይናገርበት ነበር፤ ግጥም ስለሌለው ባዶ ቦታ መስሎት ይሆናል። የባንዱን ታላቅነት ሲያስረዳም ያጀባቸውን ድምፃውያን ስም አንድ በአንድ ጠራ። የተጫዋቾቹን ስም ግን አንዱንም አላነሣም። ስም ሳይጠሩ ማመስገን ምስጋና ይባላልን? ከዚያች ሻይ ቤት ይዤ የወጣሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ሰዎቹ ስም የሌላቸው አይደሉም። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተው ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው» የተሰኘውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላ አሳተመ። ኦርጋኑ የኃይሉ መርጊያ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ይዞ ተሳትፎበታል። የ«ሙዚቃዊ ስልት» ዜማ የግርማ በየነ ነው። ዘመኑ የዘፈን ግጥም ሁሉ በሳንሱር የሚያልፍበት፣ ሌሊቱም በሰዓት እላፊ የተዘጋበት ነበር። የመሸበት ታዳሚ እስኪነጋ ከሙዚቀኞቹ ጋር ያድራል። ቃል የሌለው ዜማ ለሳንሱር የሚያስረክበው ነገር አልነበረውም፤ ሰሚው ግን የፈለገውን ይሰማበታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር አሜሪካን ዞረ። ጉዞው ሲያበቃ አራቱ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ፣ እዚያው ቀሩ። የቀሩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኃይሉ በዋሽንግተን ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ማን እንደሚነዳቸው አላወቁም። ግርማም እዚያው ከተማ ነዳጅ ማደያ ሠርቷል። ኃይሉን ለዓለም መልሶ ያስተዋወቀው አንድ አሜሪካዊ ነው፤ ባሕር ዳር በገዛው አሮጌ ካሴት ምክንያት አፈላልጎት ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመለት። ካሴቱ የተሸጠው በእኛ ገበያ ነው፤ ባለቤቱ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ይህ ሳያሳፍረን አይቀርም።

ስምን የመዘንጋት ነገር የእኛ ብቻ ነው ልል አይደለም። ቬንቸርስ የተባለው የአሜሪካ የጊታር ባንድ እ.ኤ.አ. በ1960 «ዎክ ዶንት ረን» በተባለ ቃል የለሽ ዜማ ዓለምን አዳረሰ፤ አገሩ በሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ያሰፈረው ግን በ2008 ነው። ያንንም ዜማ ቀድሞ የሠራው ጆኒ ስሚዝ የተባለ የጃዝ ጊታሪስት መሆኑን ስንቱ ያውቃል? የእኛው «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ናይጄሪያዊ መስለው በቀረቡ የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች ተቀርጿል። አንዱ የሌላውን ስም ለብሶ የሦስተኛውን ዜማ ይጫወታል!

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሳወራለት ሳቀብኝ። «የላሊበላን ድንጋይ የጠረቡትን በስም ታውቃቸዋለህ? ጋቢህን የሸመነውንስ? ሥራው ከኖረ ስም ምን ያደርጋል? ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ ተብሏል» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ቀን አብሮኝ ሰነበተ። ነገር ግን ስሙን ራሱ የደበቀና ስሙን ሌላው የደበቀበት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መስጠት ነው፤ ሁለተኛው መወሰድ። ግራ እጅ እንዳይሰማ የተባለው ለሰጪው ነው እንጂ ተቀባዩ ከማን እንደተቀበለ ይርሳ የሚል ትእዛዝ የለም።

ይህን የምጽፈው ግን ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ ዝነኛ ድምፃዊ የሬዲዮ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተከፈለኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ድምፁ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ፍቅሩ ጻፍኩ። ስለ አጃቢዎቹ ያልኩት «ባንዱም ግሩም ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከተላለፈ በኋላ፣ እዚያው አውቶቡስ ተራ ጀርባ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት በሰው በኩል አስጠሩኝ። ሄድኩ። ከተፈታታ ቴፕ መካከል አንድ የካሴት ልባስ አውጥተው ዘረጉልኝ። የድምፃዊው ፎቶግራፍ አለ፤ የአሳታሚው አድራሻ አለ፤ ሌላ የለም። «ጊታሩ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጠሉና፣ «ልጄ፣ አላስቀየምከኝም። ግን ግሩም ነበር ያልከው ማንን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ካሴቱን ለሙከራ ከሚጠቀሙበት ማጫወቻ ከተው ከፈቱት። ዘፈኑ ገና ሳይገባ ያለችውን መግቢያ፣ እኔ በጽሑፌ ላይ ተራኪው እንዲናገርባት ያዘዝኳትን፣ ብቻዋን አሰሙኝ። ከዚያ አቆሙና ወደ ኋላ መልሰው ደግመው አሰሙኝ። በዕድሜዬ ሙሉ የማውቃት መስሎኝ ነበር። ጊታሩ የድምፃዊውን ትንፋሽ ቀድሞ የሚስብ ዓይነት ነው፤ ይህን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ሻይ ቤቷ ውስጥ ፕሮግራሙን ከሰማሁ በኋላ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ አሁን በመጽሔት ልጽፈው ነው፤ ስምዎን አወጣዋለሁ» አልኳቸው። ብየዳቸውን ሳያቆሙ ጥቂት አሰቡ። «ያኔ ብትጠራው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «አሁን ጎረቤቱ የሚያውቀኝ በጥገና ነው። መጥተው ዝፈን ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዘፋኝ አልነበርኩም። ተወው»።

እኔም ተውኩት። የሌሎቹን ስም ከላይ ጽፌያለሁ፤ የእሳቸው ቦታ ባዶ ነው። ተማረ ሐረጉን በድራም፣ ዮሐንስ ተኮላን በትራምፔት፣ ማሕሙድ አማንን በጊታር ሳልጠራ እንዳልጨርስ ግን እነሆ ጠርቻቸዋለሁ። ከሱቁ ስወጣ ዝናቡ ቆሟል፤ ወያላዎቹ የክፍለ ሀገር ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፤ ከአንድ አውቶቡስ ውስጥ የዘፈን መግቢያ ይሰማል። ድምፃዊው እስኪገባ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ሲገባ ሄድኩ።