የመርከብ አዛዥ አደራ

ግራና ከባሕር የራቀ አገር ነው። የሸለቆው ውኃ እንኳ ወደ አፋር ቈላ ወርዶ በዚያው ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። በእንዲህ ያለ አገር ስለ መርከብ አዛዥ ማሰብ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም መርከብና መርከበኛ አላት፤ በባሕር ዳርም ወጣቶች ለዚሁ ሥራ ይሠለጥናሉ። ሁለተኛ፥ የአዛዥ ፈተና የሹም ሁሉ ፈተና ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በኢጣልያ ጠረፍ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ስታዘነብል፥ አዛዡ መንገደኞቹ ወጥተው ሳያልቁ ወደ የብስ ተሻገረ። 32 ሰዎች ሞቱ፤ እርሱም በ2015 የ16 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ1912 የሰጠመችው የታይታኒክ አዛዥ ግን ከመርከቡ ጋር ቀረ። ሆኖም ብዙዎቹ የነፍስ አድን ጀልባዎች ሳይሞሉ ወርደው ነበር።

እንግዲህ አዛዥ የግድ መሞት አለበትን? የለበትም፤ ሞቱ ብቻውን ማንንም አያድንምና። ከእርሱ የሚፈለገው ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ማዘዙን አለመተው ነው። የጀልባውን ቍጥርና የሠራተኛውን ድርሻ የሚያውቅ እርሱ ስለ ሆነ፥ እርሱ ሲሄድ ሥርዐቱ ይፈርሳል። ፍርሀት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው፤ ነገር ግን መንገደኛው ሲሳፈር ነፍሱን አደራ የሰጠው ለእርሱ ነው።

ባሕሩ ጸጥ ባለ ጊዜ አዛዥነት ክብር ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ማዕበል ሲነሣ ነው። በጽሕፈት ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ሹመትን የተቀበልን ሁሉ፥ ከክብሩ ጋር መጨረሻ የመውጣትንም ግዴታ እንደ ተቀበልን አንርሳ።