አሥራ ሁለቱ መሶብና የእናታችን ፖስታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተሰልፌ ሳለሁ አንዲት እናታችን ከፊቴ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ከቦርሳቸው ያረጀ ፖስታ አወጡ። ውስጡ ኩፖን ነው፤ ቀኑ ቶሎ የሚያልፈው ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ ተደርድሯል። ስልክ ቁጥራቸውን ነገሩ፣ ኩፖኑን አንድ በአንድ ሰጡ፣ እንደ መቀነት የረዘመውን ደረሰኝ ተቀብለው ጥግ ይዘው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። የሁለት ዶላር ቅናሽ ሳይያዝላቸው ቀርቶ ኖሯል። ተመለሱ፤ በትሕትና አሳዩ፤ ተስተካከለላቸው። ከኋላዬ የነበረ አንድ ወጣት ወገናችን «ለሁለት ዶላር ብለው!» ሲል ሰማሁት። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያች ሁለት ዶላር ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ጌታችን በአምስት የገብስ እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሰው አጠገበ። ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን የተረፈው እንዳይባክን እንዲሰበስቡ አዘዛቸው፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። አስተውሉ! ፍርፋሪው ይነሣ ያለው እንጀራ ያጣ ድሃ አይደለም፤ እንጀራን የሚያበዛው አምላክ ራሱ ነው። እንግዲህ ቁጠባ የሚያሳፍር የድህነት ምልክት ከቶ አይደለም። ለተሰጠን ነገር የምናቀርበው ምስጋና ነው። የተረፈ እንጀራ አድርቀው ድርቆሽ የሚያደርጉ፣ ሳንቲም በመቀነታቸው ቋጥረው ያሳደጉን እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። ስንቶቻችን ነን ሌሊቱን ሙሉ አረጋዊ ስናስታምም ወይም መኪና ስናቆም አድረን የምንኖር? በእንዲህ ያለ ድካም የተገኘን ዶላር ሳይቆጥሩ መስጠት ኩራት ሳይሆን የራስን ላብ መናቅ ነው።

ብልሃቱን ለማታውቁት ላስረዳ። እንደ ሲቪኤስ ያሉ ፋርማሲዎች አባልነት በነፃ ይሰጣሉ። ሲቪኤስ ከአብዛኛው ግዢ 2 በመቶ ይመልሳል፤ በአንዳንድ ዕቃ ላይ ደግሞ ለሚቀጥለው ግዢ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ኤክስትራ ባክስ ይሰጣል። የሱቁንና የአምራቹን ኩፖን ባንድ ዕቃ ላይ ደርቦ መጠቀምም ይቻላል። ለምሳሌ 6 ዶላር የሚሸጥ የጥርስ ሳሙና በሱቁ ኩፖን 2፣ በአምራቹ 1 ዶላር ቢቀነስለት 3 ዶላር ትከፍላላችሁ። 2 ዶላር ኤክስትራ ባክስ ከተመለሰላችሁ ሳሙናው በ1 ዶላር ገባ ማለት ነው። ኤክስትራ ባክሱ ግን ቀን አለው፤ ካለፈ ወረቀት ነው።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው ምኞት ነው። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1886 መሸጥ የጀመረው በአትላንታ በአንድ ፋርማሲ ውስጥ፣ ብርጭቆው በ5 ሳንቲም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ታደለ። ነጋዴው ይህን ያደረገው የቀመሰ ሰው ነገ ከፍሎ እንደሚመለስ ስላወቀ ነው። በንግድ ሥርዓት ይህ ነውር የለበትም፤ እኛ ግን ልናውቀው ይገባል። እኔ ራሴ ስጦታ ያስገኛል ተብዬ አራት ጠርሙስ ሻምፑ ገዝቻለሁ፤ የሚያስፈልገኝ አንድ ነበር። ደረሰኙ 9 ዶላር መቆጠቤን መሰከረልኝ። ስጦታው መኪናዬ ውስጥ እንደተጣለ ቀኑ አለፈ። ያን ቀን የቆጠብኩት የለም፤ ምኞቴ ገዛኝ እንጂ።

ሁለተኛው እጅ ማርዘም ነው። በጎረቤታችን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በቨርጂኒያ ቢች፣ አንዲት ሴት ሐሰተኛ ኩፖን እየሠራች ስትሸጥ ተይዛ እ.ኤ.አ. በ2021 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደባት። ያደረሰችው ጉዳት ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። «ያን ያህልማ እኔ አላደርግም» እንላለን። ለአንዱ ዕቃ የተሰጠውን ኩፖን ለሌላው ማሳለፍ፣ ካሸሯ ስትሳሳት አይቶ እንዳላዩ መሆን ግን የዚያው መንገድ መነሻ ነው። እናታችን የጎደለባቸውን ሊጠይቁ ተመለሱ፤ በትርፍ የተሰጠንን ለመመለስስ የምንመለስ ስንቶቻችን ነን?

ሦስተኛው ልብን በጎተራ ላይ መጣል ነው። ከ60 ዓመት በላይ የቆየው ራይት ኤይድ የተባለ የፋርማሲ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 አንዴ፣ በ2025 ዳግመኛ ለኪሳራ አመልክቶ፣ በዚያው በ2025 የቀሩትን ሱቆቹን ዘጋ። በስሙ ሲጠራቀም የኖረው ነጥብም ከሱቁ ጋር ቀረ። ሱቅ የሰጠንን ሱቅ ይዞት ይሄዳል። ለተቸገረ የሰጠነው ግን አይወሰድብንም።

አሁን ወደ እናታችን ልመልሳችሁ። ውጭ ደርሼባቸው «እማማ፣ ይህን ሁሉ ድካም ለምን?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ የመኪናቸውን ኋላ ከፈቱ። በካርቶን ውስጥ ዳይፐር፣ የልጅ ሳሙና፣ የትኩሳት ሽሮፕ ተደርድሯል። «ከአገር ቤት በቅርብ ለመጣች ወላድ ነው፣ መምህር። እኔ ስመጣ ይህን ያደረገልኝ ሰው ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሁለቷ ዶላር የእኔ ብትሆን ኖሮ ትቼ እሄድ ነበር። የሷ ናት፤ እንዴት ትቼ ልሂድ?» አሉ።

የአሥራ ሁለቱ መሶብ ምሥጢር በዚያ መኪና ጀርባ ተገለጠልኝ፤ የሚሰበሰበው ለሚርበው ነው። ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንድ ነገር እናድርግ። ደረሰኙ ግርጌ «ይህን ያህል ቆጥበዋል» ሲለን፣ ያችን ያህል ከኪሳችን አውጥተን ለብቻ እናስቀምጥ፤ ካላወጣናት ቁጠባው ቃል ብቻ ነው። ከተጠራቀመው ላይ ለአንድ ሰው እንድረስ። ስንረዳም እንደ እናታችን ፖስታ እንደርድር፤ መቆየት የማይችለው ከፊት ይሁን። የታመመው ሰው መድኃኒት፣ የሕፃኑ ዳይፐር ነገ አይባልም።

ፍርፋሪውን የሚያስነሣ አምላክ ለእጃችን ብልሃትን፣ ለልባችን ርኅራኄን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።