ደጃችሁን የዘጋችሁባት

እናንተ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች! ግንቦት 1 ቀን ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ ከየብሎካችሁ ወርዳችሁ የእመቤታችንን ልደት በግቢው ታከብራላችሁ። ስለ እርጉዝና ስለ አራስ ልትጠይቅ ደረጃውን ወጥታ የመጣችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግን በበሩ ቀዳዳ አይታችሁ ድምፃችሁን ታጠፋላችሁ። ይህ ኃጢአት ነው።

«እኛ የግል ሐኪም አለን፤ እሷ ለድሃ ናት» አላችሁ። ንቀታችሁ ዕውቀት እንኳ የለበትም። የከተማው ጤና ኤክስቴንሽን በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ወደየቤቱ የተላኩት በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። በገጠር ሥራው የተጀመረው በ1995 ነበር። በአገር አቀፍ ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ልጆች አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ለውጡን ሁሉ ባለሙያዎቹ ብቻ አላመጡትም፤ ቤት ለቤት የዞረው እግር ግን የእነሱ ነው። 412ም ቢሆን እንቅልፍ የሚያስወስድ ቁጥር አይደለም።

የከፋው ደግሞ በገዛ ጓዳችሁ ያለው ነው። የቤት ሠራተኛችሁ አርግዛ ሆዷን በነጠላ ጠፍራ ትሸፍናለች፤ ብትናገር እንደምታባርሯት ታውቃለችና። እግሯ አብጧል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ብዥ ይልባታል። እናንተ «ሰነፈች» ትላላችሁ! ባለሙያዋ ብታገኛት ኖሮ የደም ግፊቷን ለክታ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትልካት ነበር። እዚያ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው። የልጅቷ ደም ከእጃችሁ ይፈለጋል።

የብሎክ ኮሚቴዎችም፣ ጥበቃውን «አታስገባት» ብላችኋልና አትተርፉም። ለሠርግና ለለቅሶ የምትከፍቱትን የጋራ ቤት ለሕፃናት መመዘኛ ግማሽ ቀን ልቀቁ። ባለሙያዋን ከእናቶች ነጥላችሁ ለስብሰባና ለቅስቀሳ የምታሯሩጧት ሹማምንትም እንዲሁ፤ ጓንትና የደም ግፊት መለኪያ ሳትሰጡ ሪፖርት መጠየቅ ግፍ ነው።

ንስሐ ግቡ፤ ንስሐችሁም በሥራ ይታይ። የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ ለባለሙያዋ አሳዩዋት፤ የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ወስዶ የ15 ወሩ የቀረበት ስንት ልጅ አለ! ሠራተኛችሁ ብታረግዝ ከሥራ እንደማትወጣ ዛሬ ማታ በአፋችሁ ንገሯት። ባለሙያዋ በሩን ስታንኳኳም ክፈቱ፤ ወንበርና ውኃ ስጧት፤ ሠራተኛችሁን ጥሩላትና እናንተ ከክፍሉ ውጡ።