ዓምዱ ዋሽቷልን?

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 438 አቴንስ ላይ የተሠራው የፓርተኖን ቤተ መቅደስ ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው። ሲለኩት ግን ሌላ ነው። ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝመው ዓምድ መኻል አካባቢ በጥቂቱ ሆዱ ነፋ ብሏል። ዓምዶቹ ወደ ውስጥ ዘመም ይላሉ፤ የማዕዘኖቹ ከሌሎቹ ይወፍራሉ። ወለሉ እንኳ ልክ አይደለም፤ በረጅሙ ጎን መኻሉ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጉብ ብሏል። ለምን? ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ ሲመልስ፣ ዓይን ስለሚታለል ግንበኛው የሚጎድለውን በስሌት ይሙላ ይላል። የማዕዘኑን ዓምድ ብርሃን ስለሚከበው ቀጭን ይመስላል፤ ስለዚህ ይወፍር። እንግዲህ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ተጣመመ ማለት ነው።

አፍላጦን ይህን አይወድም። «ሶፊስት» በተባለው ድርሰቱ፣ ትልልቅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እውነተኛውን መጠን ትተው ለተመልካች የሚያምረውን ይሰጣሉ የሚል ወቀሳ አለ። ቀላል ወቀሳ አይደለም። ዛሬ ለዓይን ያጣመመ ነገ ለጆሮ አያጣምም ያለው ማነው?

በአገራችን አክሱም አለ። በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. የተተከለው 24 ሜትሩ ሐውልት ባለ ብዙ ፎቅ ቤት መስሎ ተቀርጿል። መስኮትም በርም አለው፤ ውስጡ ግን ድፍን ድንጋይ ነው። ቢሆንም በሩን የሚያንኳኳ የለምና ማንንም አላታለለም። የአቴንሱ ይብሳል፤ ሥራውን የሚሠራው ተመልካቹ ሳያውቅ ነው እኮ!

ይህ «ሳያውቅ» የሚሉት ነገር ይከነክነኛል፤ እኛም ቤት አለና። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ሰው ሲሞት፣ ርቆ ያለው ልጅ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋልና ብቅ በል» ይባላል። ምናልባት ተቀብረዋል። ልጁ ይመጣል፣ ዘመድ ቤት ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው መርዶውን ያረዱታል። አፍላጦን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? እኔ ግን ይህ በቀላሉ አይወገዝም ባይ ነኝ። አውቶቡስ ላይ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ነገሩ እንዳለ ቢነገረው ማን ይደግፈዋል? ሽማግሌው እንደ ግንበኛው ሰሚው ያለበትን ቦታ ለክቷል።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ገመዱ ላይ ይመስለኛል። ፓርተኖንን የጠረጠረ ገመድ ወጥሮ ይለካል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ፔንሮዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840ዎቹ ለክቶ ጉብታውን በቁጥር አሳይቷል፤ ድንጋዩ አልከለከለውም። መርዶም ቢሆን ይነጋል። የበሽታውን ስም ከበሽተኛው ደብቆ «ለእሱ ብለን ነው» እያሉ እስከ መቃብር መሸኘት ግን ንጋት የለውም። ሰውዬው እኮ የሚናዘዘው ንብረት፣ የሚታረቀው ጎረቤት አለው! እዚህ ላይ ከአፍላጦን ጋር ነኝ።

የአባቱ ቀብር ያመለጠው ልጅስ? ሽማግሌዎቹ አንድ ሌሊት አተረፉለት፤ አፈር የማልበሱን ቀን ግን ማንም ሳይጠይቀው ወስደውበታል። ይህን በየትኛው ገመድ እንደምለካው አልደረስኩበትም።