ጠጥቶ ለነዳ ወንድም የትኛው ምልጃ ይበጃል?



 

እኔ በምኖርበት በካሊፎርኒያ በሹፍርና የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ታክሲ የሚነዳ አለ፣ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር አለ፣ በስልክ የተጠራ መንገደኛ የሚያመላልስም አለ። ከእነርሱ አንዱ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱን ሲነጠቅ፣ ከጁሙዓ በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ይመስክርለት? ምን ብለን እናውጣው?» የሚል ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለዚህ ምልጃ ነው።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። በካሊፎርኒያ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 80 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.08 በመቶ አልኮል ተገኝቶበት የነዳ ሰው ይያዛል። የንግድ መኪና የሚነዳ ወይም ከፋይ መንገደኛ የጫነ ሹፌር ከሆነ ግን ልኩ ግማሽ፣ 0.04 ነው። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን እዚያው ተረክቦ ለ30 ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠዋል። በ10 ቀን ውስጥ ልሰማ ብሎ ለተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ካላመለከተ፣ 30ው ቀን ሲያልቅ ፈቃዱ ይታገዳል። በ0.08ቱ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ እገዳው 4 ወር ነው። አልመረመርም ብሎ እምቢ ያለ ደግሞ አንድ ዓመት ይታገዳል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሠራው ይህ እገዳ ከፍርድ ቤቱ ክስ የተለየ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ቅጣት ለብቻው ይመጣል።

አንዳንዶች «ሳይፈረድበት እንጀራውን ነጠቁት» ይላሉ። እኔ ግን መንጃ ፈቃድ አማና እንጂ የግል ንብረት ነው ብዬ አላምንም። ሰዎች ነፍሳቸውን በእጁ ስላኖሩ የተሰጠው አደራ ነው። አደራውን ያጎደለ ሰው፣ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ አደራው ከእጁ ቢወጣ በደል አይደለም። የሸሪዓ ሊቃውንትም ወደ ጥፋት የሚወስደውን በር አስቀድሞ መዝጋት የታወቀ መርሕ መሆኑን አስተምረውናል።

በዚህ ላይ ለሙስሊም 0.08 የሚባል ድንበር የለውም። ይህ ልክ የመንገድ ልክ ነው። ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በሚንበር ላይ ቆመው ኸምር ከወይን፣ ከተምር፣ ከማር፣ ከስንዴና ከገብስ እንደሚሠራ ዘርዝረው፣ አእምሮን የሚሸፍን ሁሉ ኸምር መሆኑን ተናግረዋል። እንግዲህ ከማር የተጣለው ጠጃችንም፣ ከገብስ የተጠመቀው ጠላና ቢራም ከዚህ አይወጣም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ (5፡90-91) ኸምርን የሸይጧን ሥራ ሲል፣ በሰዎች መካከል ጠላትነትን እንደሚዘራና ከዚክርና ከሶላት እንደሚያግድ ገልጿል። በመሪው ላይ ሲሆን ደግሞ የማያውቁትን ሰው ደም ያፈሳል።

አሁን ወደ ምልጃው ልመለስ። ከመኽዙም ጎሳ የሆነች አንዲት የተከበረች ሴት ሰርቃ በተያዘች ጊዜ ዘመዶቿ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዱትን ኡሳማ ኢብን ዘይድን (ረ.ዐ) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነቢዩም ተቆጡ። የቀደሙት ሕዝቦች የጠፉት ታላቁን እየለቀቁ ደካማውን በመቅጣታቸው መሆኑን ተናገሩ፤ ልጃቸው ፋጢማ ብትሆን እንኳ እንደማይምሯት አስታወቁ። የመንገድ ሕግ ሐድ አይደለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ዘመድነት ከፍትሕ በላይ አይቆምም። ሱረቱ አን-ኒሳእም (4፡135) በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር ታዘናለች።

ስለዚህ «እኔ ነበርኩ የነዳሁት» ብሎ መማል፣ «ያየሁት የሳል መድኃኒት ሲጠጣ ነው» ብሎ መመስከር የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ይህም ከከባድ ወንጀሎች አንዱ ነው። በእውነት ያላግባብ ተይዞ ከሆነ ግን በ10 ቀኑ ውስጥ አመልክቶ መከራከር መብቱ ነው፤ እውነቱን የምናውቅም ልንመሰክርለት ግዴታችን ነው። «ልጆች አሉት» የሚለው ልመና ግን በዚያ ችሎት ቦታ የለውም። የሚመረመረው ሰውየው በአግባቡ መያዙና የአልኮሉ መጠን እንጂ የቤተሰቡ ችግር አይደለም።

«ታዲያ ልጆቹ ምን ይብሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የምንሰጠው ግን እኛ ነን። በመጠጥ ተደጋግሞ የተቀጣን አንድ ሶሓባ ሰዎች ሲረግሙት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉ፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ቅጣቱን አላነሱለትም፣ ከጀመዓውም አላባረሩትም። የእኛም መንገድ ይኸው ነው። አራት ወሩ እስኪያልፍ የቤት ኪራዩን በጋራ እንሸፍንለት። ሌላ ሥራ እንፈልግለት። መኪና ያለን ልጆቹን ትምህርት ቤት እናድርስለት። ሕጉ ወደሚያዘው የመጠጥ ትምህርት ሲሄድ አብረነው እንሂድ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በካሊፎርኒያ ትንፋሽ ለክቶ አልኮል ካገኘ ሞተር የማያስነሳ መሣሪያ አስገጥሞ በገደብ መንዳት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ይህ የሚፈቀድለት ከሆነ ወጪውን እናግዘው። ከሁሉም በላይ ለፈጅር ሶላት በሩን እናንኳኳለት። ከመጠጥ ጓደኞቹ የሚለየው የእኛ መጥራት ነውና።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማችንን በዳይም ቢሆን ተበዳይ እንድንረዳው አዝዘዋል። በዳዩን እንዴት እንደምንረዳ ሲጠየቁም ከበደሉ በመከልከል መሆኑን ገለጹ። ቁልፉን የምናስመልስለት ሰው ነገ አንድ እናት ከልጇ ጋር ቢገጭ የምልጃው ድርሻ ይደርሰናል፤ ሱረቱ አን-ኒሳእ (4፡85) ለመልካም ምልጃም ለክፉ ምልጃም ለአማላጁ ድርሻ እንዳለው ትነግረናለችና። እንግዲያውስ ምልጃችንን ወደ አላህ እናዙር፤ ወንድማችን እንዲቶብት፣ ተውበቱም እንዲጸናለት ዱዓ እናድርግ። የእርሱ የእዝነት በር ሁልጊዜም ክፍት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) እኛንም ልጆቻችንንም ከኸምር ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።