መኪናዋን ማን አወጣት?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሦስት ሆነን ወረታ ሄድን። ከሦስታችን የአንደኛው አያት፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸው እማሆይ፣ የሚኖሩት ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ከባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ክረምት ነውና የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ ርብና ጉማራ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተዋል። እኛ ቡና እስኪፈላ ግድግዳ ግድግዳውን እናያለን።

ፎቶግራፉ እዚያ ተሰቅሏል። ጣራዋ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ፋኖሶቿ ያፈጠጡ፣ ጎማዋ የቀጠነ፣ ያን ጊዜም ያረጀች መኪና። ኮፍያ ያደረገ ሰው መሪውን ይዞ ተቀምጧል። በዙሪያዋ አምስት ባላገሮች ቆመዋል፤ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠዋል፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ከአምስቱ አንዱ፣ በስተቀኝ ጥግ ግማሽ ትከሻቸው በፎቶው ጠርዝ የተቆረጠው፣ የጓደኛችን ቅድመ አያት ናቸው።

እውነቱን እንናገር፤ መጀመሪያ ያየነው እሳቸውን አልነበረም። መኪናዋን ነው ያየነው። «እንዴት ታምራለች!» አልን። ፎቶውን አውርደን ጀርባውን ብናየው በቀለም የተጻፈበት አለ፤ የባለመኪናው ስም ከነማዕረጉ፣ የመኪናዋ ዓይነት፣ «1941 ዓ.ም.»። የአምስቱ ሰዎች ስም ግን የለም። ጨዋታው ወደ ክርክር የተለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። ክርክሩ ግቢ ከተመለስንም በኋላ ስላልበረደ ለጓደኞቻችን ልናቀርበው ወደድን። ጥያቄው ይህ ነው፤ የድሮ ፎቶግራፍ ስናይ የምናየው ምንድን ነው? ማየታችንስ ዕዳ አለበት ወይ?

በመጀመሪያ ስለ መኪናዋ። እንዲህ ዓይነት መኪና በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዓለም ላይ የገነነች ነበረች። አምስት ሰው ወይም ከዚያ በላይ ትይዛለች፤ የጎን መስታወት የላትም፤ ዝናብ ሲመጣ የሸራ ጣራዋ ይዘረጋል። ሞተሯ የሚነሣው ከፊት ለፊት በማኖቬላ፣ በእጅ ተጠምዝዞ ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከአሥራ አምስት ሚሊዮን የማያንስ የሠራው «ሞዴል ቲ» ለብዙ ዓመታት በብዛት የተሸጠው በዚሁ መልክ ነበር። ኋላ ዝግ መኪና መጣና ቦታዋን ወሰደባት። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ክፍት መኪና ማለት የተቀመጠው ሰው በደንብ የሚታይባት መኪና ማለት ነው። ለፎቶግራፍ የተፈጠረች ትመስላለች።

ወደ አገራችን መኪና የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ፤ አፄ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በዚያው ጊዜ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ስለ መጀመሪያዋ መኪና ወሬ ሲነሣ የእነዚህ ሰዎች ስም ይነሣል፤ የቤንትሌይ ጉዞ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1913 በለንደን መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ግን እስቲ እናስበው። ያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመኪና መንገድ የሚባል ነገር የለም። መንገድ በሌለበት አገር መኪና በምን ይሄዳል? በሰው ነው የሚሄደው። አሸዋው ላይ በትከሻ፣ ገደሉ ላይ በገመድ። በምኒልክ ዘመን ለመንገድ ሥራ የመጣው የእንፋሎት መዳመጫም እስከ ዛሬ የሚጠራው «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ነው፤ ባስመጣው አርመናዊ ስም። የጎተቱት ሰዎች ስም የት ገባ?

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዷ እንዲህ አለች፤ «ይኼ የፎቶግራፍ ጥፋት አይደለም። ታሪክ ሁሉ እንደዚያ ነው። ፎቶግራፉማ ቢያንስ መልካቸውን አቆየልን። ታዲያ ምን ይጠበስ?» የዋዛ ክርክር አይደለም። መልስ ፍለጋ ግን ሩቅ አልሄድንም። ከፎገራ ሜዳ ወደ ምሥራቅ ወጣ ቢሉ ደብረ ታቦር ነው፤ እዚያው አጠገብ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ፣ መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት መቅደላ ደረሰ። ይህን ጉዞ ያነሣ ፎቶግራፍ የለም። ሆኖም የአገራችን ሕፃን ሳይቀር ስለ ሴባስቶፖል ሲሰማ አብሮ የሚሰማው ሰዎች መጎተታቸውን ነው። ገመዱን፣ አቀበቱን፣ ድንጋይ ሲፈነቅሉ የዋሉትን ንጉሥ ሁሉ ይሰማል።

እንግዲህ ነገሩ ይገርማል። ፎቶግራፍ የሌለው የመድፉ ጉዞ ጎታቾቹን ይዞ ቀረ፤ ፎቶግራፍ ያላት መኪና ግን ገፊዎቿን እዚያው አቁማ አስረሳች። ለምን? ፎቶ በሌለበት ሰው መተረክ ግዴታው ነው። ተራኪ ደግሞ «መድፉ መቅደላ ደረሰ» ብቻ ብሎ ቢያልፍ «እንዴት አድርጎ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ፎቶ ባለበት ግን «ይኸው፣ እይ» ይባላል። «ይኸው» ከተባለ በኋላ ማን ይጠይቃል? ፎቶግራፍ የሚዋሸው ያልነበረውን በማሳየት አይደለም። ጥያቄውን ቀድሞ በመዝጋት ነው።

ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር በተነሣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1867፣ ማርክስ «ካፒታል» የተባለውን መጽሐፉን የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዕቃ ገበያ ላይ ሲቀርብ የሠሩትን ሰዎች ግንኙነት ደብቆ በራሱ የቆመ ባለ ነፍስ ይመስላል የሚል ሐሳብ አለ። የድሮ መኪና ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። መኪናዋ በራሷ የመጣች ትመስላለች።

ይህን ጠባይ አስቀድመው የተረዱም ነበሩ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ፋሺስቱ አኪሌ ስታራቼ በመኪና የተጫነ ሠራዊት ይዞ ከኤርትራ ተነሥቶ ጎንደር ገባ፤ በሚያዝያ ወደ ጣና ዳር፣ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። በዚያው ዓመትም ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ካሜራው ከወራሪው ሠራዊት ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። የመኪና ሰልፍ ፎቶግራፍ ያን ጊዜ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ «እኛ የደረስንበት የእኛ ነው» የሚል ክርክር ነበር። ክርክሩ አልጸናም፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጃቸውን ሰጡ። ቃላቸው ግን በአፋችን ቀረ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ የምንለው ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው። «ግፋ!» የሚለውን ቃል ግን ከማንም አልተዋስንም።

እዚህ ስንደርስ ከመካከላችን አንዱ በጣም ተቆጥቶ ነበር። «እንዲህ ከሆነ ይህን ፎቶ ከግድግዳ ማውረድ ነው» አለ። «የጭቁን ሰው ላብ ለጌታ ጌጥ ሆኖ ተሰቅሏል። እኛም ‹ታምራለች› ስንል የጌታው ተባባሪ ሆንን።» እኛም ወደሱ እያዘነበልን ነበር። በዚህ መካከል እማሆይ፣ ክርክራችንን በዝምታ ሲያዳምጡ የቆዩት፣ ስኒውን እያቀበሉን ጣልቃ ገቡ።

«ልጆቸ፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ይኼ መኪና ርብ ማዶ ዋልካው ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ሙሉ ቁሟል። እኔ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አይቻለሁ። ሰውየው ብረቱን ሲጠመዝዝ፣ ሲሳደብ ዋለ። ኋላ አባቴ ጥንድ በሬያቸውን አምጥተው ጠመዱበት። የፎገራ በሬ ነው እንጂ ማን ያወጣዋል? እነዚህ አራቱ ከኋላ ገፉ፣ አባቴ ከፊት በሬዎቹን ነዱ፤ ወጣ።»

«ስንት ተከፈላቸው?» አልን።

«አንዳንድ ብር እሰጣለሁ ብሏቸው ነበር። ኋላ አብሮት ያለው ሰው ፎቶ አነሣቸውና፣ ብሩ ቀርቶ በዓመቱ ይህ ወረቀት መጣ።»

ጓደኛችን ዘሎ ተነሣ። «አላልኳችሁም! ጉልበት ሰጥተው ወረቀት ተቀበሉ!»

እማሆይ ሳቁ። «እሱስ ብሩን ቢሰጥ ደግ ነበር። ግን አባቴ በዚህ ወረቀት ይኮሩ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳያሉ። ‹መኪና ያወጣሁባቸው በሬዎቼ እነዚህ ናቸው› ይላሉ።»

ፎቶውን ደግመን አየነው። በሬ የለበትም። «የት አሉ በሬዎቹ?» ብንል እማሆይ አጠገባችን መጥተው ጣታቸውን ከፎቶው ጠርዝ ውጭ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ አደረጉ። «እዚህ ነዋ! ፎቶ አንሺው ‹ከብት አልፈልግም› ብሎ አስወጣቸው። አባቴ ግን ጠፍሩን አለቅም አሉ። አታዩትም እጃቸውን?» እውነትም የሰውየው ቀኝ እጅ ወደ ጠርዙ ተዘርግቶ እዚያው ይቆረጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስንከራከር ያን እጅ አላየነውም። ግማሽ ትከሻቸውም የተቆረጠው ቦታ ጠቦ አይደለም፤ በሬዎቻቸውን ይዘው ስለነበር ነው።

ይህ ነገር ሦስታችንንም አሳፈረን። «መኪናዋ ታምራለች» ያልነውም፣ «ፎቶው ይውረድ» ያልነውም አንድ ስሕተት ነው የሠራነው። ሁላችንም ፎቶውን ያየነው በባለመኪናው ዓይን ነው፤ ከመካከሉ ጀምረን። አድናቂው መኪናዋን አየ፤ ተቆጪው ደግሞ በመኪናዋ ምክንያት የተበደሉ ሰዎችን አየ። ሁለቱም ላይ መኪናዋ መሐል ናት። ለአዛውንቱ ግን ያ ፎቶግራፍ የመኪና ፎቶግራፍ አልነበረም። የበሬዎቻቸው ፎቶግራፍ ነበር። መኪናዋ የበሬዎቹ ኃይል ማስረጃ ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም።

ይህን ስንል ግፉ ግፍ አልነበረም ማለታችን አይደለም። የተባለው ብር አልተከፈለም፤ ኩራት የጉልበት ዋጋ አይሆንም። ግን ሰውን ተበዳይ ብቻ አድርጎ ማየትም ሌላ ቁርጥ ነው። ካሜራው በሬዎቹን ቆረጠ፤ እኛ ደግሞ ለሰውየው ስንቆጣ ኩራታቸውን ልንቆርጥ ነበር።

ፕላቶን «ፌድሮስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ስለ ጽሑፍ ሲያናግረው ከሥዕል ጋር ያመሳስለዋል። ሥዕል ሕያው ይመስላል፤ ብትጠይቀው ግን ዝም ነው። ጽሑፍም ሲያጠቁት አባቱ ካልደረሰለት በቀር ራሱን መከላከል አይችልም። ፎቶግራፍም አባት ያስፈልገዋል። እኛ ቤት አባቱ አንዲት የሰማንያ ሦስት ዓመት እናት ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ያ እጅ የተዘረጋው ወደ ምን እንደሆነ የሚነግረን ከቶ ማን ነበር?

ስለዚህ «ማየታችን ዕዳ አለበት ወይ?» ላልነው መልሳችን፣ አዎ፣ አለበት ነው። ዕዳው ግን ዓይንን በመጨፈን፣ ፎቶውን በማውረድ አይከፈልም። በመጠየቅ ነው የሚከፈለው። ያውም ሰው ሳያልቅ። ዛሬ በየስልካችን በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለን፤ የሚጻፍበት ጀርባ ግን የለውም። የቀደሙት ቢያንስ ጀርባ ነበራቸው፤ የጻፈበት ባለመኪናው ብቻ ሆነ እንጂ።

ከመመለሳችን በፊት እስክሪብቶ አውጥተን ከባለመኪናው ስም ሥር መጻፍ ጀመርን። እማሆይ እየነገሩን የአባታቸውን ስም ጻፍን፤ የሁለቱን ጎረቤቶች ስም ጻፍን። የበሬዎቹንም ስም ጻፍን፤ አንዱ ቦራ፣ አንዱ ዳለቻ ነበር። ከግራ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ስንደርስ እማሆይ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «አውቃቸው ነበር» አሉ፤ «አሁን ጠፉብኝ።» የሁለቱን ቦታ ባዶ ትተን፣ ቁጥር ብቻ ጽፈን መልሰን ሰቀልነው።

ክረምት ደርሷል፤ ሁላችንም ወደየአገራችን ልንበተን ነው። የየቤታችሁን ግድግዳ እዩ። ከመሐል ሳይሆን ከጠርዝ ጀምራችሁ እዩ፣ ጠይቁም። እስክሪብቶ መያዝ አትርሱ።