ሳይክል የሚነዳ ሰው እግዚአብሔርን ይፈታተናል?

በሳይክል ወደ ሥራ የሚመላለስ ሰው ከወዳጅ ዘመድ አንድ ተግሣጽ አይቀርለትም፦ «ኧረ በዚህ መንገድ ላይ? እግዚአብሔርን አትፈታተን!» ተግሣጹ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ውስጡ ከባድ ክስ አለ፤ ኃጢአት እየሠራህ ነው እያለው ነው። ክሱ ደግሞ መነሻ የሌለው አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ዲያብሎስ ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራሱን እንዲወረውር ሲገፋፋው፣ መላእክት ይጠብቁሃል የሚል የመዝሙር ቃል ሳይቀር ጠቅሶለታል፤ የተሰጠው መልስ ግን አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነው። ሙስሊሙም በቁርኣን ሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ ራሱን በገዛ እጁ ወደ ጥፋት እንዳይጥል ታዟል። ስለዚህ ጥያቄውን ሳቅ ብሎ ማለፍ አይቻልም። የእኔ አቋም ክሱ አድራሻ ስቷል የሚል ነው። መንገድ ላይ እግዚአብሔርን የሚፈታተን ሰው መኖሩስ እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን የተቀመጠው ሳይክል ላይ አይደለም።

በመጀመሪያ መፈታተን የሚባለው ምን እንደሆነ እንለይ። ከቤተ መቅደስ ጫፍ መዝለል ጥፋት የሚሆነው ከፍታው ስለሚያስፈራ ብቻ ሳይሆን ዝላዩ የሚያስገኘው አንዳች በጎ ነገር ስለሌለ፣ የሚዘለውም አምላክ ይደርስ እንደሆነ ለማየት ብቻ ስለሆነ ነው። ግንበኛ አራተኛ ፎቅ ላይ በእንጨት መወጣጫ ቆሞ ይለስናል፤ ሐኪም ተላላፊ በሽታ የያዘውን ሰው ያክማል፤ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ይወጣል። ሁሉም ዘንድ አደጋ አለ፤ ተፈታተኑ የሚላቸው ግን የለም። የሚሹት ከአደጋው ማዶ ያለውን ሥራ ነው፤ የሚችሉትንም ያህል ይጠነቀቃሉ። እንግዲህ ብስክሌተኛውንም በእነዚሁ በሁለቱ እንመዝነው፦ የሚፈልገው ነገር የሚገባ በጎ ነገር ነው ወይ? የሚቻለውንስ ጥንቃቄ አድርጓል ወይ?

በጎው ነገር ደስታ ነው ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል፤ ደስታ አደጋ ሊጋፈጡለት የማይበቃ ቀላል ነገር ይመስለዋል። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ የያዘ ሰው ጊዜው በእጁ አይደለም። ሰልፉ መቼ እንደሚደርሰው፣ መኪናው ከሞላ በኋላስ መንገዱ የት ላይ እንደሚዘጋጋ አያውቅም። ብስክሌተኛው ከግቢው ሲወጣ በስንት ሰዓት ቢሮ እንደሚደርስ ከሞላ ጎደል ያውቃል። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ሲወርድ ፔዳል መምታት እንኳ አያስፈልገውም፤ ነፋሱ ጆሮው ላይ ያፏጫል፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ ይቀበለዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን እናቶች ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላል። ማታ ያው ቁልቁለት ዳገት ይሆንና ሒሳቡን ይጠይቃል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለች ከተማ ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም፤ ማርሹን እስከ መጨረሻው ቢያቀሉትም ልብ ይመታል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለዋለ አካል ግን ያ ድካም የዕለቱ ብቸኛ ሥራው ሊሆን ይችላል። ሥጋን መጠበቅ የሃይማኖት ትእዛዝ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ከግጭት ብቻ ሳይሆን ከስኳርና ከደም ግፊትም ነው።

ይህን በቁጥር ያዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ የወጣ፣ ከ260 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለሱት በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በመኪናና በሕዝብ ማመላለሻ ከሚሄዱት በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እርግጥ ሳይክል የሚነዳው ቀድሞውንም ጤነኛ የሆነው ሰው ነው የሚል ጥርጣሬ ይነሣል፤ ተመራማሪዎቹ ሲጋራን፣ አመጋገብንና ነባር ሕመምን ከግምት ቢያስገቡም ጥርጣሬው ጨርሶ አይጠፋም። ይበልጥ የሚያስተምረው በ2020 በዚያው መጽሔት የታተመው ሁለተኛው ጥናት ነው። ከዚያው የመረጃ ክምችት ተነሥቶ፣ ብስክሌተኞች ተጎድተው ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ45 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ። ጥቅሙና አደጋው ከአንድ መዝገብ ወጡ ማለት ነው። አጥኚዎቹ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጧቸው 1,000 ሰዎች ለ10 ዓመት በብስክሌት ቢመላለሱ 26 ሰዎች ተጨማሪ ጉዳት፣ አብዛኛውን ቀላል የሆነ፣ እንደሚደርስባቸው፤ በአንጻሩ በካንሰር የሚያዙት በ15፣ የሚሞቱት በ3 እንደሚያንሱ ገመቱ። ጥናቱ የተካሄደባት ብሪታንያ ኢትዮጵያ አለመሆኗን አልዘነጋሁም። ቢሆንም በጎው ነገር ከባዶ ፈንጠዝያ የሚመደብ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

አሁን ወደ አደጋው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ቀኙን ይዞ ይሄዳል፤ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ሾፌሩ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ጥግ ይገባል፤ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም በሩን ይከፍታል። በዚያች ቅጽበት ብስክሌተኛው በሚኒባሱና በጠርዙ ድንጋይ መካከል ነው። ወይም ደግሞ ወሩ ሐምሌ ነው፤ ጎርፉ አስፋልቱን ሸፍኗል፤ ከውሃው ሥር ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ወይም ጥግ ይዞ የቆመ የቤት መኪና በሩ ድንገት ይከፈታል፤ ከኋላ ደግሞ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለው ሲኖትራክ ጡሩምባውን እያምባረቀ ይደርሳል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ብስክሌተኛው ያመጣው ነገር ምንድን ነው? ማስላት ይቻላል። ከነሳይክሉ 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 1,200 ጁል ገደማ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚይዘው 145 ሺህ ጁል ገደማ፣ ማለትም 120 እጥፍ ነው። ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ ያው መኪና ወደ 30 ቢቀንስ ወደ 52 ሺህ ይወርዳል። ሰውን የሚገድለው ይህ ጉልበት ነው፤ ወደ መንገዱ ይዞት የመጣው ደግሞ የመኪናው ባለቤት ነው።

ይህ የጉልበት ስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሥነ ምግባር አይበቃም ነበር። ነገር ግን ኃላፊነት ከሚያዘው ኃይል ጋር አብሮ እንደሚሄድ የጥንቱ ሕግ አስቀድሞ ያውቃል። ዘጸአት 21 ሰው ስለወጋ በሬ ይናገራል። በሬው ተዋጊ መሆኑ ባልታወቀበት ጊዜ ባለቤቱ ነጻ ነው፤ ተዋጊነቱ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳያስረው ቀርቶ ሰው ከገደለ ግን የደሙ ተጠያቂ ባለቤቱ ነው። ዘዳግም 22 ደግሞ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅና ደም ቤቱ ላይ እንዳይመጣ ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ያዛል። የወደቀውን ሰው ለምን ጠርዝ ላይ ሄድህ ብሎ የሚጀምር ትእዛዝ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከዚህ አልራቀም፤ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ የራሱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። በሬውና መኪናው እዚያው ተጎራብተው ተቀምጠዋል። መኪና ተዋጊ መሆኑ ደግሞ ያልተነገረው ባለቤት ዛሬ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከግማሽ የሚበልጡትም እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ይህን እያወቀ በትምህርት ቤት ደጃፍ 70 የሚበር ሾፌር፣ «እሱ ይጠብቀኝ» የሚል ተለጣፊ መስተዋቱ ላይ ስለሰቀለ ከቤተ መቅደስ ጫፍ አልዘለለም ማለት አይቻልም። ልዩነቱ የሚወረውረው ራሱን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። የሰው ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ ቀኑ ያልደረሰ በሲኖትራክ ጎማ ሥር ይተርፋል፣ የደረሰ አልጋው ላይ ይሞታል፤ ስለዚህ የፍጥነትም የመንገድም ክርክር ከንቱ ነው ይባላል። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ከሆነ ቃሉን አልነቅፈውም። መንገድ ለመሥራትና ለመፍረድ ሲውል ግን ሃይማኖቱ ራሱ አይደግፈውም። በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲነሣ፣ ጌታ ከሌሎቹ የበለጠ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም፤ አሟሟታቸውን አይቶ እግዚአብሔር የፈረደባቸው ናቸው ብሎ መደምደም ቀርቷል። ነቢዩ ሙሐመድም ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው መጀመሪያ እንዲያስረው እንደመለሱለት በቲርሚዚ ሐዲስ ተዘግቧል። ማስረጃም ይጨመር። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ የሕፃናቱ ግድያ ይቁም የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስም ተጨመረና መንግሥት የብስክሌት መንገድ መለየት፣ የመኖሪያ ሰፈሮችን ፍጥነት መቀነስ ጀመረ። ዛሬ ሕዝቡ ከ13 ሚሊዮን ተነሥቶ 18 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ፣ በየዓመቱ የሚሞተው ከ800 በታች ነው። ከእነዚህም ብስክሌተኞች፣ በተለይ አረጋውያን፣ ትልቅ ድርሻ ስላላቸው ሥራው አልቋል አይባልም። ነገር ግን ሁሉም ነገር የዕጣ ጉዳይ ከሆነ የሆላንዶች ዕጣ የተለወጠው የጠርዝ ድንጋይ በተተከለበት ዓመት እንዴት ሆነ? አምላክ ቀናችንን ያውቃል ማለት አንድ ነገር ነው፤ የእኛን ቸልተኝነት ለእርሱ ማሸከም ሌላ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወደ ብስክሌተኛው ይመለሳል፦ እርሱስ ቀይ መብራት አይጥስም? በተቃራኒ አቅጣጫ አይመጣም? የልጆች አባት ሆኖ ሳለ ራሱን ለዚህ መንገድ መስጠት ለቤተሰቡ ግድየለሽነት አይደለም? ግማሹ እውነት ነው። ያለ መብራት በጨለማ የሚነዳ፣ የፊት ፍሬኑ የማይዝ፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ የከተተ ሰው ከላይ ያስቀመጥነውን ሁለተኛውን መለኪያ አላሟላም፤ ተግሣጹ ይድረሰው። እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ አሮጊት የሚያስደነግጥም እዚያ ላይ ተዋጊው በሬ እርሱ ነው። ሕጉም ተጎጂው ያጠፋውን ያህል ካሣው እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ነገር ግን የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 «ዜሮ ራዕይ» የተባለውን መመሪያ ሲያጸድቅ የተነሣበትን ሐሳብ ልብ እንበል፤ ሰው ይሳሳታል፣ ስሕተቱ ግን ሕይወቱን ሊያስከፍለው አይገባም የሚል ነው። የ14 ዓመት ልጅ አቅጣጫ ስቶ ቢገባ ተግሣጽ እንጂ ሞት አይገባውም። የአባትየውን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ ምርጫው በአደጋና በደኅንነት መካከል ተደርጎ መቅረቡ ስሕተት ነው፤ ታክሲ ለመያዝ መንገድ ማቋረጥም፣ ለዓመታት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥም የየራሳቸው ሞት አላቸው። ማመዛዘን የእርሱ ፋንታ ነው።

ዳገት በበዛባትና ድህነት ባለባት ከተማ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሀብታም ሳይሆኑ ሲነዱ ኖረዋል። ሜዳ በመሆናቸው ቀሏቸዋል፤ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባድ ናት፤ ግን ሰው ከሳይክል የሚሸሸው ዳገቱን ብቻ ፈርቶ አይመስለኝም፤ «ምነው፣ ተቸገርክ እንዴ?» መባልንም ይፈራል። ያ ደግሞ የትዕቢት ጉዳይ ስለሆነ የመንገድ መሐንዲስ አይፈታውም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ በቦሌና በመገናኛ በኩልም የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። መስመሩ ላይ መኪና የምታቆሙ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ብስክሌተኛውን ወደ ሲኖትራኩ የምትገፉት እናንተ ናችሁ። ረዳቶች፣ በሩን የምትከፍቱት መኪናው ከቆመ በኋላ ይሁን። የቤት መኪና የምትነዱ ደግሞ ጥግ ይዛችሁ ስትቆሙ በሩን በግራ እጃችሁ ሳይሆን በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ፤ ሆላንዶች እንዲህ ነው የለመዱት። ቀኝ እጅ በሩ ጋ ሲደርስ ትከሻ ይዞራል፣ ዓይንም ሳይወድ በግድ ወደ ኋላ ያያል።